የሁለት ዶላሯ ወሬ፦ «ራይዲንግ ሃይ»ን ለነቀፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ፍራንክ ካፕራ ያዘጋጀው፣ ዘፋኙ ቢንግ ክሮዝቢም በመሪ ተዋናይነት የሠራበት «ራይዲንግ ሃይ» የተሰኘው የፈረስ እሽቅድምድም ኮሜዲ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በቅርቡ ይህን ፊልም የሚነቅፍ አንድ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። የጽሑፉ ባለቤት ያቀረቧቸው ነቀፌታዎች እነዚህ ናቸው፦ ፊልሙ ካፕራ ራሱ በ1934 የሠራው ሥራ ግልባጭ ነው፤ የታሪኩ መቋጠሪያ የሆነው የሁለት ዶላር ውርርድ ሊታመን አይችልም፤ ፊልሙ ቁማርን ያወድሳል፤ ዘፈኖቹ በግድ የተለጠፉ ናቸው፤ ጥቁሩ ባልደራስ የተሣለው በሚያሳፍር መልክ ነው፤ በመጨረሻም ፈረሱ መሞቱ ኮሜዲውን ያፈርሰዋል። ስለ ባልደራሱ ከተናገሩት ጋር እስማማለሁ፤ እንዲያውም የነኩት ዳር ዳሩን ብቻ ነው። በቀረው ግን ጸሐፊው ፊልሙን የመዘኑት የእሽቅድምድም ሜዳ እንዴት እንደሚሠራ ሳይመረምሩ ስለሆነ፣ ዋናው ቀልድ አምልጧቸዋል ብዬ አምናለሁ።

ፊልሙን ላላዩት ታሪኩን ባጭሩ ላስታውስ። ዳን ብሩክስ የሂጊንስቪል ከተማ ሀብት ሁሉ በእጁ የሆነው የጄ. ኤል. ሂጊንስ ልጅ እጮኛ ነው። ከሽማግሌው ድርጅቶች አንዱ የሆነውን የካርቶን ሣጥን ፋብሪካ እንዲመራ ቢሾምም ልቡ ያለው ከጋጣው ነው። አንድ ቀን ሥራውንም ቤቱንም ጥሎ፣ «ብሮድዌይ ቢል» የተባለውን ፈረሱንና ባልደራሱን ይዞ ወደ ታላቁ ውድድር ይሄዳል። እጮኛው አብራው ለመሄድ ፈቃደኛ አይደለችም፤ ተከትላው የምትመጣው ታናሽ እህቷ አሊስ ናት። ለመመዝገቢያ የሚሆን ገንዘብ የለም፤ የመኖው ዕዳ ተጠራቅሟል፤ የጋጣው ጣሪያ ስለሚያፈስም ፈረሱ በዝናብ ተመትቶ ይታመማል። ማንም ተስፋ ስላልጣለበት ኦዱ (ፈረሱ ቢያሸንፍ ለተያዘው ገንዘብ የሚከፈለው ተመን) መቶ ለአንድ ነው።

ግልባጭ ነው ለሚለው ክስ መልሱ ረጅም አይደለም። ካፕራ በ1934 በኮሎምቢያ ኩባንያ ውስጥ ሆኖ፣ ማርክ ሄሊንገር ከጻፈው አጭር ታሪክ በመነሣትና በሮበርት ሪስኪን ድርሰት፣ በፈረሱ ስም የተሰየመ ፊልም ሠርቷል። ፓራማውንት የተባለው ሌላ የፊልም ኩባንያ መብቱን ከገዛ በኋላ ያው ታሪክ እንደገና ተሠራ፤ ከአሮጌው ፊልም የተወሰዱ የእሽቅድምድምና የሕዝብ ትዕይንቶችም በአዲሱ ገብተዋል። ክሮዝቢ በዚያው ኩባንያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በባለቀለም ፊልም ሠርቶ ሳለ ይህኛው ጥቁርና ነጭ የሆነበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ይህን ማንም አይክድም። ነገር ግን የራሱን ሥራ መልሶ የሠራ አዘጋጅ ሁሉ ሐሳብ ያለቀበት ከተባለ፣ የ1934 ፊልሙን በ1956 እንደገና የሠራው ሂችኮክም በዚሁ ክስ ሊጠየቅ ነው። መጠየቅ ያለበት ምን እንደተለወጠ ነው። ካፕራ ራሱ እንደተናገረው፣ የመጀመሪያው ፊልም መሪ ተዋናይ ዋርነር ባክስተር ፈረስ ይፈራ ነበር። ሰውዬው ከፈረሱ ጋር በሚጫወትበት፣ ጋማውን በሚዳስስበትና በጋጣው ውስጥ አብሮት በሚያድርበት ታሪክ ውስጥ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ክሮዝቢ ግን የዚህ ዓለም ሰው ነበር። በ1937 ከተዋናዩ ፓት ኦብራየን ጋር ሆነው በካሊፎርኒያ የዴል ማርን የእሽቅድምድም ሜዳ ካቋቋሙት አንዱ ሲሆን፣ በመክፈቻው ዕለት በሩ ላይ ቆሞ እንግዶቹን ተቀብሏል። በ1938 በዚያው ሜዳ ለሁለት ብቻ በተደረገው ግጥሚያ፣ በባለቤትነት የሚጋራው ሊጋሮቲ የተባለ ፈረስ በዝነኛው ሲቢስኬት የተቀደመው በአፍንጫ ልዩነት ነበር። ፈረሶቹ ቶሎ አይደርሱም እየተባለ በሬዲዮ ለዓመታት ሲቀለድበት የኖረ ሰው፣ ማንም ያላመነበትን ፈረስ ባለቤት ሆኖ ሲጫወት የ1950 ተመልካች ቀልዱን ገና ቲኬቱን ሲቆርጥ ያውቀዋል። ሌላው ለውጥ ደግሞ ዳን በ1934 ባለትዳር፣ በ1950 ግን እጮኛ ብቻ መሆኑ ነው። በመጀመሪያው ፊልም የአሊስ ፍቅር በእህት ትዳር ላይ ያንዣበበ ስለነበር ሳቁን ይከብደው ነበር፤ በሁለተኛው ሸክሙ ወርዷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጸሐፊው ከሁሉ አጥብቀው የነቀፉት የሆስፒታሉን ትዕይንት ነው። አንድ የታወቀ ባለጸጋ ታሞ በተኛበት አልጋ ላይ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ በብሮድዌይ ቢል ላይ ሁለት ዶላር ያስይዛል። ወሬው ከሆስፒታሉ ወጥቶ በስልክ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ሁለቷ ዶላር በሺዎች ትባዛለች፤ ያ ሰው ያለምክንያት እንዲህ አያደርግም፣ አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ይባላል፤ ሕዝቡም ገንዘቡን ይዞ ወደ ውርርዱ መስኮት ይሮጣል፤ ኦዱም ያሽቆለቁላል። ጸሐፊው «በሁለት ዶላር የአንድ ፈረስ ኦድ ሊወርድ አይችልም» በማለት ይህን ተረት አድርገውታል። ኦዱን ያወረደችው ሁለቷ ዶላር ብትሆን ኖሮ ትክክል በሆኑ ነበር። ያወረደው ግን ወሬዋን ተከትሎ የጎረፈው ገንዘብ ነው።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። በእኛ አገር በሚታወቀው የስፖርት ውርርድ፣ ኦድ የሚባለው ቲኬቱ ሲቆረጥ የሰፈረው ቁጥር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰማይ ቢገለበጥ አይለወጥም። በአሜሪካ የእሽቅድምድም ሜዳዎች የሠለጠነው ሥርዓት ግን ሌላ ነው። ጆዜፍ ኦለር በ1860ዎቹ በፓሪስ ባስጀመረው በዚህ የጋራ ሣጥን ሥርዓት፣ ተወራራጆች ሁሉ ያስያዙት ገንዘብ በአንድነት ይከማቻል፤ ሜዳውና መንግሥት ድርሻቸውን ያነሣሉ፤ የቀረው ላሸነፈው ፈረስ ቲኬት ለያዙት ይከፋፈላል። ካሊፎርኒያ ይህን በ1933 ፈቀደች፤ ኒው ዮርክም በ1940 የግል ውርርድ ተቀባዮችን ከሜዳዋ አስወጥታ ተቀበለችው። በዚህ ሥርዓት ኦድን የሚወስነው ማንም ባለሙያ አይደለም። ሕዝቡ ያስያዘው ገንዘብ ራሱ ነው ኦዱ፤ ውርርዱ እስኪዘጋ ድረስም በሰሌዳው ላይ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይለዋወጣል።

የሚከተለው ሒሳብ ከፊልሙ የተወሰደ አይደለም፤ አሠራሩን ለማሳየት ብቻ ነው። በሣጥኑ ውስጥ 100,000 ዶላር አለ እንበል፤ 15 በመቶው ሲነሣ ለአሸናፊዎች 85,000 ይቀራል። በብሮድዌይ ቢል ላይ የተያዘው 840 ዶላር ብቻ ቢሆን፣ ፈረሱ ሲያሸንፍ ለእያንዳንዱ ዶላር 101 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል፤ መቶ ለአንድ ማለት ይህ ነው። አሁን ወሬ የሰሙ ሰዎች 20,000 ዶላር ይዘው መጡና ሁሉንም በዚሁ ፈረስ ላይ ጣሉት። ሣጥኑ 120,000 ሆነ፤ ተቀናሹ ሲነሣ 102,000 ቀረ፤ በፈረሱ ላይ ያለው ግን 20,840 ዶላር ስለሆነ የአንዱ ዶላር ድርሻ ከአምስት በታች ወረደ። ፈረሱ አላየለም፤ ጋላቢው አልተለወጠም፤ ጉንፋኑም ገና አልለቀቀውም። የተለወጠው ወሬው ብቻ ነው።

ጸሐፊው ያላስተዋሉት ትልቁ ነገር ግን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው ምሳሌ ውስጥ ሕዝቡ ቀድሞውንም ተስፋ የጣለበት ሌላ ፈረስ አለ፤ በእርሱም ላይ 40,000 ዶላር ተይዟል እንበል። ወሬው ከመምጣቱ በፊት ይህ ፈረስ ቢያሸንፍ ለአንድ ዶላር 2.12 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ሞኝ ገንዘብ ወደ ብሮድዌይ ቢል ከጎረፈ በኋላ ግን 2.55 ይከፍላል። በዚህ ፈረስ ላይ 10,000 ዶላር ያስያዘ ቁማርተኛ ጣቱን ሳያነሣ ከአራት ሺህ ዶላር በላይ ተጨመረለት ማለት ነው፤ የሚጨመርለት ግን ብሮድዌይ ቢል ከሮጠ ብቻ ነው። ፈረሱ ከውድድሩ ከወጣ በእርሱ ላይ የተያዘው ገንዘብ ላስያዙት ሰዎች ይመለሳልና።

እንግዲህ በፊልሙ ውስጥ የሚሆነውን በዚህ ዓይን እንየው። የመኖው አበዳሪ ፈረሱን ወስዶታል፤ ሊከላከል የሞከረው ዳንም ታስሯል። ድንገት አንድ ወሮበላ ቁማርተኛ ብቅ ብሎ የመኖውን ዕዳ ይከፍላል፤ ዳንን ያስፈታል፤ ይባስ ብሎም ስመ ጥር ጋላቢ ያመጣለታል። ጸሐፊው ይህን «የወንጀለኛው ድንገተኛ ቸርነት» ብለውታል፤ ደራሲው ከአጣብቂኝ ለመውጣት የፈጠረው ዘዴ ነው ማለታቸው ነው። ቸርነት የሚባል ነገር ግን የለም። ሰውዬው የሚያስፈልገው ብሮድዌይ ቢል እንዲሮጥና እንዳያሸንፍ ነው፤ ለመጀመሪያው ዕዳውን ከፈለ፣ ለሁለተኛው ዛቡን ይዞ እንዲያስቀር ጋላቢውን ገዛ። በጎ አድራጊውና ሸረኛው አንድ ሰው፣ በጎነቱና ሸሩም አንድ ሒሳብ የሆኑበት ኮሜዲ ብዙ አላየሁም። ተመልካቹ ይህን ስሌት በቁጥር እንዲያውቅ ካፕራ አልጠየቀውም፤ ስሌቱ ግን ከሥር አለ፤ ትዕይንቱ የሚቆመውም በእርሱ ላይ ነው።

ወሬው ፊልሙ አስቀድሞ ያላሰናዳው ድንገተኛ ነገር ነው ማለትም አያስኬድም። ቀደም ብሎ በፊልሙ ውስጥ በሬይመንድ ዋልበርንና በዊልያም ደማረስት የተወከሉት ሁለት አጭበርባሪዎች፣ ስለ አንድ ፈረስ የፈጠራ ምስጢር ለአንድ የዋህ ተወራራጅ ይሸጡለታል። (የዋሁ ሰው ኦሊቨር ሃርዲ ነው፤ ከጓደኛው ከስታን ሎሬል ጋር ከተጣመረ በኋላ ያለ እርሱ ከታየባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ በመሆኑ ለዚያ ብቻ እንኳ ሊታይ ይገባዋል።) ምስጢሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ሕዝቡ ይጋጋላል፤ ጩኸቱ ተመልሶ ወደ ፈጣሪዎቹ ጆሮ ሲደርስም ራሳቸው ያምኑትና ገንዘባቸውን ይዘው ይሮጣሉ። የሆስፒታሉ ትዕይንት የዚህ ትንሽ ቀልድ ትልቅ መልክ ነው። አንዱ ሌላውን አዘጋጅቶታል፤ ጸሐፊው ግን የሃርዲን ትዕይንት በአንድ ቃል እንኳ አላነሡትም።

ቁማርን ያወድሳል ስለሚለው ክስ ከዚህ በኋላ ብዙ መናገር አያሻም። በእርግጥ ፈረሱ ያሸንፋል፤ ስለዚህ ወሬ የሰሙትም ያሸንፋሉ፤ ጸሐፊው የያዙት ይህን ነው። ምን ያህል እንደሚያገኙ ግን አልጠየቁም። ባለጸጋው ቲኬቱን የቆረጠው በሜዳው መስኮት ነው ብንልና ምሳሌያችንን ብንከተል፣ በሁለት ዶላሩ ከ200 ዶላር በላይ ሊያገኝ የነበረው ሰው የሚቀበለው ከ10 ዶላር ያነሰ ነው። የገዛ ወሬው ዋጋውን በላበት። ቁማርን ለማስተዋወቅ የተነሣ ፊልም እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይመርጥም። በዚህ ላይ ዳን ራሱ በፊልሙ አብዛኛው ክፍል የሚታየው ሲወራረድ ሳይሆን ሲበደርና ለመበደር ሲጥር ነው፤ ከሽማግሌው አጭበርባሪ ጋር አንዱ ከሌላው ገንዘብ ለመውሰድ ሲሸነጋገሉ ሁለቱም ኪሳቸው ባዶ መሆኑ የሚገለጥበት ጨዋታም የፊልሙ ምርጥ ክፍል ነው ብል የሚከራከረኝ ይኖራል ብዬ አልፈራም።

ስለ ዘፈኖቹ ባጭሩ። ጂሚ ቫን ሂዩዘንና ጆኒ በርክ የሠሯቸው ዘፈኖች የክሮዝቢ ምርጦች እንዳልሆኑ እስማማለሁ። በግድ ተለጥፈዋል የሚለውን ግን ጆሮ አይቀበለውም። በዘመኑ ልማድ ተዋናዩ አስቀድሞ በስቱዲዮ የተቀዳውን ድምፁን እየሰማ አፉን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር፤ በዚህ ፊልም ግን ዘፈኖቹ የተቀዱት በቀረጻው ላይ እየተዘፈኑ ነው። ክሮዝቢ ከንግግር ወደ ዜማ ሲሻገር ድምፁ ከጋጣው ወጥቶ ሌላ ክፍል የማይገባው ለዚህ ነው። ስቴፈን ፎስተር በ1850 ያሳተመው የፈረስ እሽቅድምድም ዘፈንም ልክ በመቶኛ ዓመቱ በዚህ ፊልም መዘፈኑ ያለቦታው አይደለም፤ ያ ዘፈን ራሱ ስለ ውርርድ ነው።

ወደ ባልደራሱ ልመለስ። ክላረንስ ሚዩዝ በ1934ም በ1950ም ያንኑ ሚና ተጫውቷል፤ በመካከል 16 ዓመትና አንድ የዓለም ጦርነት ቢያልፍም የተሰጠው ሰው አልተለወጠም፦ ታማኝ፣ ቀልደኛ፣ ለጌታው ሲል የሚደበደብ። ሚዩዝ በሕግ የተመረቀ፣ ሉዊ አርምስትሮንግ የመለያ ዜማው ያደረገውን ዘፈን ከሁለት ሌሎች ጋር የደረሰ፣ በድምፅ ፊልም መጀመሪያ ዘመን በመሪ ተዋናይነት ከሠሩት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ ነበር። እንዲህ ላለ ሰው ይህ ሚና ያንሰዋል፤ ጸሐፊው እውነታቸውን ነው። ያላነሡት ግን ከዚህ ይከፋል። በ1875 በተደረገው፣ በአሜሪካ ዝነኛ በሆነው የፈረስ እሽቅድምድም በመጀመሪያው የኬንታኪ ደርቢ ከ15 ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ያሸነፈውም ኦሊቨር ሉዊስ የተባለ ጥቁር ጋላቢ ነው። አይዛክ መርፊ ይህን ውድድር ሦስት ጊዜ አሸንፏል፤ ጂሚ ዊንክፊልድ በ1901ና በ1902 በተከታታይ አሸንፏል። ከዚያ በኋላ ግን ጥቁሮቹን ከኮርቻው አውርደው ወደ ጋጣው መለሷቸው። በፊልሙ ውስጥ ጋላቢው ነጭ፣ ጋጣ ጠራጊው ጥቁር የሆነው በዘፈቀደ አይደለም፤ ታሪኩ ይኸው ነው፤ ፊልሙም እንደ ተፈጥሮ ሕግ ተቀብሎት ያልፋል። ሌላም ያለፈው ነገር አለ። ሁለቱም ፊልሞች የተቀረጹበት፣ በሳን ፍራንሲስኮ አቅራቢያ ይገኝ የነበረው የታንፎራን ሜዳ፣ በ1942 ወደ 8,000 የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው አሜሪካውያን በግዳጅ የተሰበሰቡበት ሥፍራ ነበር፤ ብዙዎቹ ያደሩትም በፈረስ ጋጣ ውስጥ ነው። ስለሚያፈስ ጋጣ የሚቀልድ ፊልም በዚያ ሥፍራ መቀረጹን ካወቅሁ ወዲህ ያንን ትዕይንት እንደ ቀድሞው አልስቅበትም። ይህን ሁሉ ግን የፊልሙን ጉድለት የሚያሳይ እንጂ ኮሜዲነቱን የሚያስክድ አድርጌ አልወስደውም።

የቀረው የፈረሱ ሞት ነው። የተገዛው ጋላቢ ዛቡን እየሳበ ሊያስቀረው ይታገላል፤ ብሮድዌይ ቢል ግን ልጓሙንም ጋላቢውንም ተቋቁሞ ይቀድማል፤ መስመሩን እንዳለፈም ይወድቃል፤ ልቡ ፈንድቷል። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» እንላለን፤ ይህኛው ግን ሁለቱንም አድርጓል። ጸሐፊው «ለሳቅ የከፈለ ተመልካች ለቅሶ ተሸጠለት» ይላሉ። ሞቱ ያልተነገረ ዱብ ዕዳ ቢሆን እቀበላቸው ነበር። ነገር ግን ፈረሱ ታሞ ነበር፤ በቂ ዕረፍት አላገኘም፤ ከሌሎቹ ጋር ብቻ ሳይሆን በጀርባው ከተቀመጠው ሰው ጋርም ሲታገል አይተናል። የሳቃችን ምንጭ የነበሩት ጣሪያውም፣ ዕዳውም፣ ጉቦውም ተደምረው የደረሱት እዚያ ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብሎ በፈረስ ስም ለሚጠራ አገር አንባቢ ደግሞ፣ በሜዳው ላይ ለፈረስ የተደረገው የቀብር ሥነ ሥርዓት የተጋነነ ይመስለዋል ብዬ አላስብም።

ጸሐፊው በመጨረሻ የሚያቀርቡት፣ ዳን «ብሮድዌይ ቢል ሁለተኛ» የተባለ ሌላ ፈረስ ይዞ መመለሱ ሐዘኑን በችኮላ ለመጥረግ የተደረገ ነው የሚል ነው። እኔ እዚያ ላይ የማየው ፈረሱን አይደለም፤ ሽማግሌውን ሂጊንስን ነው። ቻርልስ ቢክፎርድ የሚጫወተው ይህ ሰው በፊልሙ መጀመሪያ ላይ ሀብት የማያመጣ ነገር ሁሉ ከንቱ የሚመስለው ነው። ድርጅቶቹን ትቶ ከዳንና ከአሊስ ጋር ለመሄድ የሚወስነው ግን ፈረሱ ከሞተ በኋላ፣ ሊገኝ የሚችለው ጥቅም ሁሉ ከተቀበረ በኋላ ነው። ብሮድዌይ ቢል በሕይወት ኖሮ ሻምፒዮን ሆኖ ቢመለስ፣ የሂጊንስ መከተል አንድ ነጋዴ አዲስ ሀብት አይቶ ያደረገው ውሳኔ ብቻ ይሆን ነበር።